ስም ከነአባት በዳቬይተን

ጽጌ፣ ልጄ፣ እንግዲህ ስልኩን ጆሮሽ ላይ አድርጊና ስሚኝ። የማስታወስ ነገር ከተነሳ በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ከኔ ፊት የሚቆም የለም። እናቴ እኔን ስትወልድ ያዋለደቻት ሴትዮ ምን ዓይነት ሻሽ አስራ እንደነበር ልነግርሽ እችላለሁ። አረንጓዴ ነው፣ ጫፉ የተተረተረ። "እንዴት አየሽው?" ብለሽ እንዳትጠይቂኝ። አየሁት! አልቅሺ እያሉ ሲመቱኝ ቶሎ ያላለቀስኩት ሻሹን እያየሁ ስለነበር ነው። ስለዚህ "አክስቴ፣ ሬዲዮ ላይ ስለ ሴት ዘፋኞች ታሪክ ላወራ ነው፣ የምታስታውሺውን ንገሪኝ" ስትዪኝ ትክክለኛው ሰው ጋ ነው የመጣሽው። አዲስ አበባ ቁጭ ብለሽ ጆሃንስበርግ መደወልሽም አይግረምሽ። ታሪኩ ራሱ ወደዚህ መጥቷል። ሻንጣውን ይዞ።

ቆይ፣ መጀመሪያ እኔ ልጠይቅሽ። ዘፈንን ማን የጀመረው ይመስልሻል? እንግዲህ የተማሩት ሰዎች የሚሉትን ይበሉ። እኛ አገር፣ ዱራሜ፣ ሴቶች እንሰት ሲፍቁ ያንጎራጉራሉ። ማንም አላስተማራቸው፣ ማንም አያጨበጭብላቸው። እናቴ ስትፍቅ የምታንጎራጉራት አንዲት ዜማ ነበረች። ቃል የላትም፣ "ኡሁሁ" ብቻ ናት፤ ግን ሰምተሽ ዝም ብለሽ መቀመጥ አትችዪም። አንድ ቀን ክራር ያንጠለጠለ ሰውዬ በአጥራችን ሥር አለፈ፣ ትንሽ ቆም አለና ሄደ። በሳምንቱ ገበያ ብንወርድ ሰውዬው ያችኑ ዜማ እየተጫወተ አገር ከቦታል። "የራሴ ድርሰት ናት" ይላል ደግሞ፣ ግንባሩን እየጠረገ። እናቴ አየችው አየችውና "አይ እሱ፣ ሳይፍቅ ላበው" ብላ ወደ ጨው ተራ አለፈች።

ከዚያ እኔ አደግሁ፣ በደርግ ጊዜ ኪነት ገባሁ። አዎ፣ እኔ! የዛሬውን ሰውነቴን እያሰብሽ አትሳቂ። ያኔ ወገቤ በአንድ እጅ ይያዝ ነበር። እሺ፣ በሁለት እጅ። መድረክ መሪያችን ታዲያ ወንዶቹን አንድ በአንድ ያስተዋውቃል፤ ክራር እገሌ የእገሌ ልጅ፣ ከበሮ እገሌ የእገሌ ልጅ፣ ማይክ የሚያቆመውን ሳይቀር። እኛ ጋ ሲደርስ "እና ሴቶቻችን!" ይልና ያልፋል። ያን ሁሉ ትከሻ ያወረድነው፣ ያን ሁሉ እስክስታ የመታነው "እና" ለመባል ነው።

ካሴት ሲመጣ ደግሞ ነገሩ የተሻለ መሰለ። የሴቲቱ ፎቶ ፊት ለፊት ጉብ ይላል፣ ፀጉሯ ፎቅ በፎቅ ተሠርቶ። ወረቀቱን ገልብጠሽ ብታነቢው ግጥም እሱ፣ ዜማ እሱ፣ ቅንብር ሌላ እሱ። የሷ ድርሻ ሳንባ ብቻ። በዚያ ላይ ስድቡ! "አዝማሪ ናት፣ ቤታችን እንዳትገባ" የሚሉት ሴቶች ልጃቸውን ሲድሩ በማን ዘፈን ነበር የሚጨፍሩት? በሷ። ድምጿ ሰርግ ቤት ይገባል፣ እሷ ውጭ ትቀራለች። ስንቷ ናት ለአባቷ ክብር ስትል ስሟን ቀይራ መድረክ የወጣችው! እንዲህ ነው እንግዲህ ታሪኩ። ጻፊው። "ድምፅ የሷ፣ ስም የሌላ" ብለሽ ጀምሪ። ካልሆነም አትጻፊው፣ እኔ ገና አልጨረስኩም።

እኔማ ኋላ ጌታን ተቀበልኩ፣ ዘፈኑንም ተውኩ። ትከሻዬ ግን እስከ ዛሬ እያሰበበት ነው።

ወደ ልጄ ልምጣ። ኤርምያስን ታውቂዋለሽ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲስቅ እንኳ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ነው። እዚህ በምንኖርበት በዳቬይተን የሰፈር ሱቅ አለው፣ ስፓዛ ይሉታል። ከብረት ፍርግርጉ በስተጀርባ ቆሞ ዳቦ ይቆርጣል፣ ስኳር ይመዝናል፣ እሑድ እሑድ ደግሞ ዱርንፎንቴን በሚገኘው ቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው። ደንበኞቹ ስሙን አያውቁትም። እዚህ አገር የኛን ሰው ሁሉ የሚጠሩት "ማይ ፍሬንድ" እያሉ ነው። ከሱቁ በላይ ያለውም ታፔላ "ማ ዶሪስ ሱቅ" ይላል። ማ ዶሪስ የግቢው ባለቤት ናት፣ እኛ ከኋላ ተከራይተን ነው የምንኖረው። ሱቁ ውስጥ ድሮ እሷ ነበረች የምትሠራው። ኤርምያስ የታፔላውን ቀለም በየጊዜው ያድሳል፣ ስሙን ግን ነክቶት አያውቅም። ሥራው የሱ፣ ላቡ የሱ፣ ስሙ የማ ዶሪስ። እሱ ግን እንዲህ ያለ ነገር ልብ የሚል ሰው አልነበረም። እስከዚያች ቀን።

ሱቁ በር ላይ ስፒከር አለ። ድሮ መዝሙር ብቻ ነበር የሚያሰማው። ታዲያ ከመንገዱ ማዶ ሌላ ሱቅ ተከፈተና አማፒያኖ ለቀቀ። አማፒያኖ ታውቂያለሽ? የዚህ አገር ወጣት የሚያብድለት ዘፈን ነው፤ ከሥሩ እንደ ባቡር ይንደረደራል፣ ከላዩ እንደ ጠብታ ይንጠባጠባል። ደንበኛው ሁሉ ተሻገረ። ልጄ ሦስት ቀን ጸለየ፣ በአራተኛው ቀን መፍትሔ አገኘ። "ቃል የሌለው ሙዚቃ ዘፈን አይደለም፣ ድምፅ ነው" አለ። ልጁን ሊዲያን ጠርቶ "ቃል የሌለበት አምጪልኝ" አላት። ሊዲያ የዚህ አገር ተወላጅ ናት፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ ስትፈልግ አባቷን የምታግዝ፣ በቤተ ክርስቲያን ደግሞ የመዘምራኑ መሪ። አመጣችለት። በመጀመሪያው ሳምንት ቃል የለም። በሁለተኛው "ኡሁሁ" መጣ። "ኡሁሁ ቃል አይደለም" አለ ልጄ፣ ብሉይ ኪዳንን እንደሚተረጉም ሰው። በሦስተኛው ሳምንት በዙሉ ቋንቋ ሙሉ ዘፈን ገባ። እሱ ግን በዚያን ጊዜ ገና "ኡሁሁ"ን እያሰበ ነበር።

ያቺ "ኡሁሁ" የማን ናት መሰለሽ? የእናቴ! እኔ ጎመን ስቀነጥስ ሳንጎራጉራት ሊዲያ ሰምታ ወስዳ፣ ታቦ ከሚባለው ከሰፈሩ ዲጄ ጋር ቀድታታለች። ከአባቷ ተደብቃ ነው እንጂ ከኔ አልተደበቀችም። ለኔ ስታሰማኝ ተነሥቼ... ተይው፣ ወገቤ አሁንም ያመኛል። ማ ዶሪስ ድምፁን ሰምታ ከቤቷ ወጥታ "ይቺ ዜማ የኛ ናት! እናቴ ልብስ ስታጥብ ነው የምታዜማት!" አለች። ተጣላን። ከዚያ ታረቅን። እሷም በልጅነቷ አንድ ዓይነት ቀሚስ ከለበሱ ልጆች ጋር ትዘፍን ነበር። ሸክላው ላይ ግን የተጻፈው የሳክስፎን ነፊው ስም ነው። "ያልመጣ ቀን እንኳ ስሙ ይመጣ ነበር" አለችኝ። በሊዲያ አስተርጓሚነት ስናወራ ዋልን። አገራችን ለየቅል፣ ቋንቋችን ለየቅል፣ እኛን ያስጨፈሩን ወንዶች ግን አንድ ትምህርት ቤት የተማሩ ይመስላሉ።

የሊዲያም ዘፈን ወጣ፣ ዳቬይተንን ሞላ። ታክሲው እሱን ነው፣ ፀጉር ቤቱ እሱን ነው። የተጻፈው ስም ግን "ዲጄ ታቦ" ብቻ። ሊዲያ ስሟን ጻፉልኝ እንዳትል አባቷ ሊሰማ ነው። ቢሰማ ከመዘምራን መውጣቷ ነው፤ እሱም ሽማግሌነቱን ይነጠቅ ይሆናል። ዝም እንዳትል ደግሞ ልቧ ተቃጠለ። ቅዳሜ በሰፈሩ አዳራሽ ትልቅ ዝግጅት አለ፤ ታቦን "እኔስ?" ብትለው "ምን አስቸገረሽ፣ ድምፅሽ ላፕቶፑ ውስጥ አለ" አላት። ልጅቷ እዚያ መቆም፣ በስሟ መጠራት ነው የፈለገችው። ሌላ ምንም አልፈለገችም። "ጎጎ፣ ምን ላድርግ?" ትለኛለች። ጎጎ ማለት እዚህ አያት ማለት ነው። እኔ ምን እላለሁ? "እና ሴቶቻችን" ተብዬ ያረጀሁ!

አሁን ወደ ጣፋጩ ልምጣ። ልጄ ያንን ዘፈን ወደደው። ወደደው ስልሽ፣ አበደ! ዳቦ ሲቆርጥ "ኡሁሁ"፣ ሳሙና ሲደረድር "ኡሁሁ"። ሱቁ በር ላይ የቆመው ሰልፍ ጎረቤት ከተማ ቤኖኒ ደረሰ። እሺ፣ አስፋልቱ ጋ ደረሰ። እኔ ሻሼን አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ ነው ሳቄን የምይዘው። "የልጁን ድምፅ እንዴት አያውቅም?" ትዪኝ ይሆናል። ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ሄደሽ አታውቂም። ማይኩ ላይ የሚያደርጉት ኤኮ! "ሃሌ" ያልሽው በመዝሙሩ መጀመሪያ ከሆነ "ሉያ"ው የሚደርሰው ቡራኬ ላይ ነው። እዚያ ውስጥ እንኳን የልጅን ድምፅ የራስንም አትለዪም። ቤት ውስጥ ደግሞ ሊዲያ ጆሮዋ ላይ ገመድ ሰክታ ዝም ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ሰልፉ ሞልቷል፣ ዘፈኑ እየጮኸ ነው፣ ኤርምያስ የዳቦ ቢላውን ይዞ "ኡሁሁ" እያለ ነው፣ ሊዲያ ከኋላ ከእንቁላሉ ጋር ናት። መብራት ጠፋ። መቼም እዚህ አገር መብራት በተራ ነው የሚጠፋው፣ ሎድሼዲንግ ይሉታል። ስፒከሩ ጸጥ አለ፣ ፍሪጁ ጸጥ አለ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለውም ጸጥ አለ።

ዘፈኑ ግን አላቆመም።

ከጓዳው ይመጣል። ሊዲያ አብራ ስታዜም ነበር ለካ፣ በጆሮዋ ገመድ ምክንያት መብራቱ መጥፋቱን አላወቀችም። ያው ድምፅ፣ ያው "ኡሁሁ"፣ ኤኮ የለው፣ ታቦ የለው። ልጄ ቢላውን እንደያዘ ቀረ። ሰልፈኛው ሁሉ አንገቱን ወደ ጓዳው አሰገገ። እንቁላሉን ተሸክማ እየዘፈነች ብቅ አለች፣ አባቷን አየችው፣ ዘፈኑ አፏ ላይ ሞተ።

ማ ዶሪስ ከሰልፉ መሃል፣ "እንዴ! እስካሁን አታውቅም ነበር?" አለችው። "ዳቬይተን በሙሉ ያውቃል፣ አንተ አታውቅም?"

"ሊዲያ" አለ ልጄ።

"አቤት ዳዲ።"

"ይሄ ነገር አንቺ ነሽ?"

"አዎ።"

"ዜማውን ማን አስተማረሽ?"

ወደኔ አየች። እኔ ወደ ሰማይ አየሁ። የጆሃንስበርግ ሰማይ በክረምት፣ እንደኛ አገር ክረምት ሳይሆን፣ ደመና የሚባል የለውም፣ ምንም የምታዪው ነገር የለም፣ ግን አየሁት።

ልጄ ስልኳን ተቀበለና ዘፈኑ ላይ የተጻፈውን አውጥቶ አነበበ። ደግሞ አነበበ። እኔ ጸሎት ጀምሬያለሁ። "ስምሽ የት አለ?" አለ።

"የለም።"

"እንዴት የለም?"

"አንተ እንዳታይ ብዬ... ደግሞም አልጠየቁኝም ዳዲ።"

"አልጠየቁሽም?" አለ። ከዚያ ምን አደረገ መሰለሽ? ቀን ቀን ከፍርግርጉ የማይወጣው ሰውዬ ወጣ። ሽርጡን እንዳሸረጠ መንገዱ ላይ ቆመ፣ ቀና ብሎ ያንን በእጁ የሚቀባውን ታፔላ አየው። ብዙ ቆየ። ከሰልፉ አንዱ "ማይ ፍሬንድ፣ ዳቦዬን!" ሲለው እንኳ አልዞረም። ስለ ኃጢአት ሊናገር ነው ብዬ ስጠብቅ "ያንን ልጅ ጥሩልኝ" አለ።

ታቦ መጣ፣ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀዶ፣ እሱም ፋሽን ነው አሉ። ቢላውን ሲያይ ቀሪው ሱሪም የሚቀደድ መሰለው። የተነጋገሩት በዙሉና በእንግሊዝኛ ነው፣ እኔ በአማርኛ እነግርሻለሁ። ትንሽ ቅመም ብጨምርበት ያንቺ ጆሮ እንዲጣፍጠው ነው።

"ድምፁ የማን ነው?" አለው ልጄ።

"የሷ ነው፣ ባባ።"

"ስሙስ?"

"የኔ።"

"ቅዳሜ ማን ነው የሚዘፍነው?"

"ድምጿ ላፕቶፑ ውስጥ አለ፣ ባባ፣ እሷ መድከም የለባትም።"

"እንግዲያው አንተ ላፕቶፑ ውስጥ ግባና እሷ ትቁም!"

ሰልፈኛው በሳቅ ፈረሰ። ማ ዶሪስ በነሱ ቋንቋ ጉድ ነው እንደማለት "ሀይቦ!" ብላ ፍርግርጉን በጥፊ መታችው። ታቦም መጥፎ ልጅ አይደለም፣ ሰው ሁሉ እንዲህ ሲያደርግ አይቶ ነው። አንገቱን ደፍቶ "ምን ብዬ ልጻፍ?" አለ። ልጄም እንደኛ አገር ሰው ደንብ፣ ትከሻውን ነፍቶ፣ "በሙሉ ስሟ! ስም ከነአባት!" አለ። ፊደሉን አንድ በአንድ አስጻፈው። በቅዳሜው ዝግጅት ፖስተር ላይ ካንተ ስም በላይ ይሁን አለው። ወደ ፍርግርጉ ተመልሶም ዳቦውን መቁረጥ ቀጠለ። ሊዲያ አጠገቡ ቆማ እንቁላል ትደረድራለች። ሁለቱም አይተያዩም፤ እንቁላሉም ያላቅሳል መሰለኝ፣ ዓይኗን ትጠርጋለች።

በማግሥቱ ፖስተሩ በየመብራት ምሰሶው ተለጠፈ። ልጄ ያላሰበው ነገር ምን ነበር? ስም ከነአባት ሲል አባትየው እሱ መሆኑን! "ሊዲያ" ከላይ፣ "ኤርምያስ" ከታች፣ መሃላቸው ኮከብ፣ በትልቁ። እዚህ አገር የአባት ስም እንደኛ አይደለም፣ ሰውም ሁለት ዘፋኝ ነው ብሎ አመነ። ጠዋት አንዱ ደንበኛ መጥቶ፣ "ማይ ፍሬንድ፣ ይሄ ኤርምያስ የሚባለው ዘፋኝ ሰውዬ አንተ ነህ አሉ፣ እውነት ነው?" አለው። "ኤርምያስ እኔ ነኝ፣ አልዘፍንም" አለ ልጄ። ያን ቀን ሲውል ሰው ሁሉ "ኤርምያስ፣ ዳቦ! ኤርምያስ፣ ላምባ!" ሲለው ዋለ። ፊቱ ላይ የነበረውን ልነግርሽ አልችልም። ሊቆጣ ይሞክራል፣ አፉ ግን እምቢ ይለዋል።

ይሄ ሁሉ ደህና። ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። የቤተ ክርስቲያናችን ሰብሳቢ ሽማግሌ ናቸው። በስፒከር ስላነሳው ሁላችንም ሰማን። "ወንድም ኤርምያስ፣ ጌታ ይባርክህ! በመኪና ሳልፍ ፖስተርህን አየሁት። ኮንፈረንስ እያዘጋጀህ እንዴት አትነግረንም? አንተ ታገለግላለህ፣ ሊዲያ ትዘምራለች ማለት ነው? እኛም እንመጣለን እኮ!"

አየሽው ጉዱን! የመንፈሳዊ ጉባኤ ፖስተርና የዲጄ ፖስተር በዚህ ከተማ አንድ ማተሚያ ቤት ይሆን የሚያትማቸው፣ እላያቸው ላይ የሚሣለው እሳቱም አንድ፣ መብረቁም አንድ። እሳቸው የለመዱትን ነው ያነበቡት። ሊዲያ ደሟ ጠፋ። እኔ ልጄን በዓይኔ ጠቀስኩት፣ "እሺ በላቸውና ዝጋው" ለማለት። ውሸት አይደለም፣ "እሺ" ምን ውሸት አለበት? እሱ ግን ልጁን አያት፣ ስልኩን አየው።

"ኮንፈረንስ አይደለም አባቴ" አለ። "ዘፈን ነው። የምትዘፍነውም ልጄ ናት። ስሟን ያስጻፍኩት እኔ ነኝ።"

ስልኩ ዝም አለ። መብራት የጠፋ መሰለኝ። በመጨረሻ ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "ዘፈን?" አሉ።

"ዘፈን።"

ከዚያ በቀስታ፣ ሰው እንዳይሰማቸው እንደሚፈሩ ሁሉ፣ "ሰዓቱ ስንት ነው?" አሉ።

ሊገሥጹ ነው፣ ሊሰሙ ነው፣ ሊጸልዩ ነው፣ እሳቸው ይወቁት። ሰዓቱን ነገራቸው።

ይኸውልሽ እንግዲህ፣ ዛሬ ቅዳሜ ነው። ሱቁ ተዘግቷል። ልጄ ቅዳሜ ሱቅ ዘግቶ አያውቅም፤ ሰዉ መንገድ ላይ ቆሞ የተዘጋውን በር እንደ ሐውልት ያየዋል። ማ ዶሪስ ኮፍያዋን አድርጋ በር ላይ ቆማ እየጮኸችብኝ ነው። ሊዲያ ቀድማ ሄዳለች። ልጄ ግን እዚህ ፊቴ ቆሟል፣ የእሑዱን ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ክራባቱን እያጠበቀ እያላላ። "አልመጣም ብለህ አልነበር?" ብለው፣ "አልገባም እማዬ፣ በር ላይ ነው የምቆመው" አለኝ።

"በር ላይ ምን ትሠራለህ?"

"ስሟን ሲጠሩ በትክክል መጥራታቸውን ሰምቼ እመለሳለሁ።"

ስም እስኪጠራ ቆሞ፣ ዘፈኑ ሲጀምር ጀርባውን የሚሰጥ አባት እስካሁን አላየሁም፤ ካለም የኔ ልጅ አይሆንም። ሽማግሌዎቹም ከመጡ የሚቆሙት እዚያው በር ላይ ነው፣ ሌላ የት ይቆማሉ? በሩ ጠባብ ነው፣ ከኋላ የሚገፋው ወጣት ብዙ ነው። ተገፍተው ቢገቡ ኃጢአቱ የገፋው ሰው ነው። እኔ ከኋላቸው ነው የምቆመው። ክንዴ ደግሞ አሁንም ጠንካራ ነው።

በይ ዝጊው፣ ዶሪስ ልትገድለኝ ነው። ማታ ደውዪልኝ። አንቺ ነሽ የምትደውዪው፣ የኔ ዳታ አልቋል። ነገ ጠዋት፣ ከነገ ወዲያ፣ ሲመቸኝ የሚባል ነገር የለም። ለሬዲዮሽ ያልኩሽን ሁሉ እንዳትነኪው፣ ስሜንም ከነአባቴ ጻፊው። ዛሬ ማታ፣ ሰምተሻል? ዛሬ ማታ!